ጀልባዋን ነክቻለሁ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ፣ ሁሉን ለሚያቃናው ለውሃ ልክ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ ጀርባዋን ተሻላት? እኔ ጆሮዬ ውስጥ ከገባው ውሃ በቀር ደህና ነኝ።

«እትዬ፣ እውነት ነው እንዴ የሚወራው?» ያልከው ደረሰኝ። ስሰርቅ የተያዝኩ ነው ያስመሰልከው። አዎ፣ እውነት ነው። እህትህ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ዋና እየተማረች ነው።

«ፋብሪካው ሥራ ቀነሰብሽ ወይ?» ላልከው፣ ምንም አልቀነሰም። ሃያ ስምንት ዓመት እንደነበረው ነው። ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሸሚዝ ይከመራል። ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን አያለሁ። የተበላሸው ላይ በጠመኔ የኤክስ ምልክት አደርጋለሁ፤ ደህናው ኪስ ውስጥ ደግሞ «አልፏል፣ ተቆጣጣሪ ቁጥር 7» የምትል ብጣሽ ወረቀት እከታለሁ። የስፌት ልጆቹ ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ስል «ጠመኔ» እንደሚሉኝ ታውቃለህ። ጠማማ ስፌት ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አገኛለሁ። ችግሩም እሱ ነው። ይህ ሥራ እኔን መፈተን ከተወ ሃያ ዓመት ሆኖታል።

በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ያኔ አንድ ሰው «ምን ሠራሽ?» ቢለኝ፣ ሌላው የሠራውን ሳርም ኖርኩ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። እኔ ራሴ የሠራሁት፣ እንከን የማይወጣለት አንድ ነገር እንዲኖረኝ ፈለግሁ። አንድ ብቻ።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለውን ሐይቅ አትረሳውም። እሁድ ጠዋት እዚያ የሚሰበሰቡ ዋናተኞች አሉ። በዚህ በኩል ካለው የእንጨት መድረክ ተነስተው ማዶ ካለው ትልቅ ድንጋይ ድረስ ይዋኛሉ። የተሻገረ ሰው ስሙ በቀይ ቀለም የጀልባ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፍለታል። ሕጉ አንድ ነው። ጀልባ ከጎንህ ትሄዳለች፤ ጀልባዋን የነካ አልተሻገረም። ርቀቱ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ነው ይላሉ፤ ባለጀልባው በመቅዘፊያ ቆጥሮት ነው አሉ። አንተ ዕድሜህን መሬት ስትቀይስ የኖርክ ሰው ነህ፤ ይህ ቆጠራ ይታመናል?

እህትህ

ኅዳር 2

እትዬ፤

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር በዪኝ። ሁላችንም ደህና ነን። የምንቀይሰው ግድብ ሊሞላ ስለተቃረበ መቀመጫ አጥተናል። በመቅዘፊያ የተቆጠረ ሜትር ግምት እንጂ ልኬት አይባልም። እናታችን «ውሃ ለመጠጫ ነው» ስትል አንቺ አልነበርሽም እንዴ? ለመሆኑ ማነው የሚያስተምርሽ? ብትሰምጪስ ማን ሊያወጣሽ ነው?

ወንድምሽ

ጥር 17

ወንድሜ፤

መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። ፋብሪካው ቶሎ የሚፈለግ ሦስት ሺህ የደንብ ልብስ ተቀብሎ ሰነበተ፤ የቀረችኝን ጊዜ ደግሞ ውሃው ወሰዳት።

የምታስተምረኝ ፋርማሲስት ናት። ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ ግን ውሃ ውስጥ ዕድሜ አታይም። «እትዬ፣ አፍዎን ይዝጉ!» ስትለኝ መድኃኒት ቤቷ ድረስ ይሰማል። እውነቷን ነው፤ ስዋኝ አወራለሁ። ያጠገቤ ሰው ክንዱን አጣሞ ሲያነሳ ካየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ ለማረም አፌን ስከፍት ሐይቁ ይገባል።

አትስቅብኝና፣ በታኅሣሥ ያደረግኩትን ልንገርህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሁለት መቶ ሜትር እንድዋኝ ተፈቀደልኝ። ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ የእጄን አገባብ እመረምራለሁ። ቀኙ ትንሽ ይጠማል፤ አርመዋለሁ። ግራው ይዘገያል፤ አርመዋለሁ። እንዲህ ጥንቅቅ ብዬ ስሄድ ስሄድ ዳርቻ ነካሁና በኩራት ቀና አልኩ። ለካስ የተነሳሁበት ቦታ ነው! እጄን ስፈትሽ አቅጣጫዬን ስቼ ክብ ሠርቻለሁ። ፋርማሲስቷ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። «ስፌቱን ተዉትና ልብሱን ይዩ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማዶ ያለውን ድንጋይ እያየሁ ነው የምሄደው።

የዋና ልብሴን ራሴ ሰፋሁት። ሁለት ጊዜ በራሴ ጠመኔ ምልክት አድርጌበት ፈታሁት፤ በሦስተኛው አለፈ።

ብትሰምጪስ ላልከው፣ ባለጀልባው አለልህ። በሥራ ቀን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሁድ ጀልባ ይቀዝፋል። ጥሩ ሰው ነው፣ ወሬ ይወዳል እንጂ። አሁን ስምንት መቶ ሜትር ደርሻለሁ። ትናንት ከውሃ ስወጣ ደረጃውን እንደ ሙሽራ ነው የወጣሁት። ስንት ዘመን እንዲህ ሆኜ እንደማላውቅ ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እገባ ነበር።

እህትህ

የካቲት 28

እትዬ፣ የኔ ጀግና፤

«ተሻገርኩ። እህትህ።» በቃ? ለዚህች ነው አንድ ሙሉ ፖስታ ያባከንሽው? ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ፖስታውን አራገፍኩት፤ ሌላ የለም። ከዚያ ባለቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት። «ሁለት ቃል ለማንበብ እንዲህ መጮህ ያስፈልጋል?» አለችኝ፤ ግን እሷም ዓይኗን ጠረገች።

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ለጎረቤት ነገርኩ። ለዳቦ ሻጩ ነገርኩ። በማግስቱም ስነግረው «ትናንት ነግረውኛል እኮ» አለኝ። ይስማ! ሁለት ጊዜ ቢሰማ ምን ይጎዳዋል? እህቴ ሐይቅ በክንዷ ቆርጣለች፤ እሱ ዳቦ ነው የሚቆርጠው።

ስማችን እዚያ ግድግዳ ላይ መውጣቱን ሳስብ የሚሰማኝን ልነግርሽ አልችልም። በእኛ ቤት እስከ ዛሬ ትልቅ ሥራ የሠራው እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። አንቺ ደግሞ ይህን አንድም ቀን አላስተባበልሽም። አሁን በደንብ ተስተባበለ፤ ደስ ብሎኛል።

ቤት ምን አዲስ አለ ላልሽው፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ አቃናሁት። ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ያጋድል ነበር። ቀጥሎ የመኝታ ቤቱን በር አስተካከልኩ። ከዚያ ተመልሼ መደርደሪያውን። ባለቤቴ «ሰሃኖቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ወድቀው አያውቁም፤ እባክህ እጅህን ሰብስብ» ትለኛለች። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለውን ዛፍም በጥላው ለካሁት፤ አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። ሥራ እንዴት ነው ላልሽው፣ ያው ነው።

አሁን ግን ሁሉንም ጻፊልኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር? መሐል ላይ ፈራሽ? ማዶ ስትደርሺ ምን አልሽ? አንዱንም ሳታስቀሪ።

ወንድምሽ

መጋቢት 11

ወንድሜ፤

አንዱንም ሳታስቀሪ አልከኝ። አንድ አስቀርቼ ነበር። ጀልባዋን ነክቻለሁ።

ማዶ ልደርስ መቶ ሜትር ሲቀረኝ ባቴን ስትራፖ ጨምድዶ ያዘኝ። ባለጀልባው ጎንበስ ብሎ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ በጣሳ ይጨልፋል፤ ጀልባዋ ደግሞ ሳያውቀው ተጠግታኛለች። ሦስት ጣቴን ጠርዟ ላይ አሳረፍኩ። አንድ ትንፋሽ ሳብኩና ለቀቅኩ። ባቴም ተወኝ፤ ቀሪውን ዋኝቼ ድንጋዩን ነካሁ። ማንም አላየም። ሁሉም አጨበጨበ፣ ፋርማሲስቷ አቀፈችኝ፣ ባለጀልባው ቀለሙን በጠበጠ። ስሜ ተጻፈ።

ላንተ የጻፍኩት በዚያው ቀን ነው። ሦስት ጣት ምን አላት ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ግን ከሁለት ቃል በላይ ብዕሬ እምቢ አለኝ፤ ደብዳቤው ያጠረው ለዚህ ነው።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አንዲት ሸሚዝ ኮሌታዋ ላይ ሦስት ክር ላልቶባት አገኘኋት። የሰፋችው ልጅ ከማሽኗ ቀና ብላ «እትዬ፣ ሦስት ክር እኮ ናት፤ ማን ያያታል?» አለችኝ። ጠመኔዬን አንስቼ እጄ አየር ላይ ቀረ። ይህን ቃል በሃያ ስምንት ዓመት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ ፊቴን አላቃጠለኝም። ምልክቱን አደረግኩ። ከዚያ ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ፣ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ጀልባ ቤቱ ሄድኩና በራሴ ስም ላይ ኤክስ ሰመርኩበት።

ባለጀልባው «ግድግዳዬን!» ብሎ ጮኸ። ፋርማሲስቷ «ማንም እኮ አላየም» አለች። እኔ አይቻለሁ አልኳት። ዳቦ ሻጩ ፊት ስላዋረድኩህ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ተራው ያንተ ነው። ድሮ ደብዳቤህ ባለ ካሬው የሥራ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ነበር። የመጨረሻው መስመር በሌለው ነጭ ወረቀት ላይ አራት ገጽ ሆነ። ለዳቦ ሻጭ ሁለት ጊዜ ማውሪያ፣ የዛፍ ጥላ መለኪያ ጊዜ ከየት መጣ? እንከን ስፈልግ ነው የኖርኩት፤ ከኔ ይደበቃል ብለህ ነው? ሥራህ ምን ሆነ? ከመደርደሪያው ጋር እየታገልክ ከሆነ እዚህ ና።

እህትህ

መጋቢት 26

እትዬ፤

አዎ። ከታኅሣሥ 10 ጀምሮ ቤት ነኝ።

ግድቡ ሞላ፤ ውሃ የሸፈነው መሬት ደግሞ ቀያሽ አይፈልግም። አመስግነው፣ እጃችንን ጨብጠው ሸኙን። ሌላ ቦታ ጠየቅኩ፤ ሃምሳ አንድ ዓመቴ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። አንቺ በየሳምንቱ መቶ ሜትር ስትጨምሪ፣ እኔ ዛሬም መደርደሪያ አቃናሁ ብዬ ልጻፍልሽ? ጠዋት እነሳለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሰው «ቀያሹ» ብሎ ሲጠራኝ ኖሮ አሁን በስሜ ሲጠሩኝ ዘወር ማለት እረሳለሁ።

ዳቦ ሻጩን በተመለከተ፣ አንገቴን ሳልደፋ ሄጄ ነገርኩት። «እህቴ ስሟን ራሷ ሰረዘችው» አልኩት። ቢላዋውን አስቀመጠና «እንዲህ ያለ ሰው አለ?» አለ። ስለዚህ አላዋረድሽኝም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው የበለጠ ኮራሁ። ቢሆንም ተናድጄብሻለሁ። ሦስት ጣት! የትኛውም ልኬት የሚፈቀድለት ስህተት አለው።

ና ላልሽው፣ እመጣለሁ። የራሴ የመቀየሻ መሣሪያ አለኝ። ያንን ሐይቅ አንድ ሰው በወጉ ይለካው። ውሃ ውስጥ ግን አልገባም፤ ከአሁኑ እንስማማ።

ወንድምሽ

ግንቦት 5

ወንድሜ፤

በሰላም መግባትህን ሰምቼ እፎይ አልኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ በአንድ ጊዜ ታልቃለች ብዬ አላሰብኩም።

ክርክሩን እዚህ ሳለህ የጨረስነው መስሎኝ ነበር፤ ይኸው በደብዳቤም መጣ። ርቀቱ 1,526 ሜትር እንደሆነ አምኛለሁ። ጀልባዋን የነካሁት መቶ ሜትር ሲቀረኝ ስለሆነ፣ ያኔ 1,426 ሜትር ዋኝቼ ነበር። ግድግዳው የሚለው አንድ ሺህ አራት መቶ ነው። ስለዚህ እንዳንተ አቆጣጠር ከመንካቴ በፊት ሃያ ስድስት ሜትር ትርፍ ዋኝቻለሁ፤ ኤክሱ ይፋቅ። ጠበቃ ብትሆን ኖሮ ስንቱን ታስፈታ ነበር! ግን አይሆንም። ሕጉ «ማዶ» ነው የሚለው፤ ሜትር አላለም። እጅጌው ረዝሞ የተሰፋ ሸሚዝ ኮሌታው ሲጎድል አያልፍም።

«ለምን ራስሽን በሰው ፊት ታሳንሻለሽ?» ላልከው ግን ልብህን ሰጥተህ ስማኝ። በኛ ፋብሪካ ኤክስ ማለት ይጣል ማለት አይደለም። ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ ማለት ነው። የሚጣለውንማ ምልክት አናደርግበትም። ሰኔ ውስጥ እንደገና እሞክራለሁ።

አንተ ደግሞ ጉድ አድርገኸን ነው የሄድከው። ባለጀልባው ወንበሩ ላይ ያስቀመጠውን ሰው ግማሽ ፀጉሩን ቆርጦ፣ አንተ በየሜትሩ ቋጥረህ ከጀልባዋ እንዲጥለው የሰጠኸውን ገመድ እያሳየ ስለ ሐይቁ ጥልቀት ያወራል። «መሐሉ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ነው፤ ቀያሹ ለክቶታል» ይላል። ቀያሹ ነው የሚልህ፤ ሥራ አለው የለውም አልጠየቀም። እኔም ከጎኑ ቆሜ «ወንድሜ ነው» እላለሁ።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ሄድክ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የቤቴን መደርደሪያ አንዴም አልነካኸውም። ወደ ግራ ያጋድላል፤ እኔ እንኳን አይቼዋለሁ። ሌላ የምታየው ነገር ነበረህና አላየኸውም። የሐይቁን ምሥራቅ በኩል ግን ሳትለካ ነው የሄድከው፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ እኔ አላሳልፍም። ስሻገር ጀልባዋ ላይ ብትቀመጥልኝስ?

እህትህ

ግንቦት 21

እትዬ፤

እቀመጣለሁ። እንዳትስቂ እንጂ ሁለት ተንሳፋፊ ጃኬት ደርቤ ነው የምቀመጠው። ጀልባዋ ከአንቺ ሃያ እርምጃ ርቃ እንድትሄድ ለባለጀልባው ጽፌለታለሁ፤ ጣሳውንም ቤት ይተወው።

የሐይቁን ካርታ ረቂቅ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ምሥራቁ ባዶ ነው፤ ስመጣ ይሞላል። ትናንት ባለቤቴ «ምሳህ ቀዘቀዘ፤ ሥራ በዛብህ እንዴ?» አለችኝ። ሥራ አይደለም አልኳት። «ታዲያ ምንድነው?» አለች። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይጠብቀኝም። ግን ጫማዬን ሳስር ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ማንም ያልለካው ውሃ ነው እኮ! ግድቡን አርባ ቀያሾች ነበርን የለካነው፤ ይህን ሐይቅ እኔ ብቻ ነኝ። ካርታዬን እንደ ሸሚዝ መርምሪው፤ አትራሪልኝ።

ወንድምሽ

ሰኔ 18

ወንድሜ፤

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አንገትህን አውጥተህ «ስትሻገሪ መቶ ሜትር ሲቀርሽ ስትቆሚ ምን አሰብሽ?» አልከኝ። እጄን ብቻ አወዛወዝኩልህ። አሁን ልመልስልህ።

ባቴን ድጋሚ የያዘኝ እዚያው ቦታ አካባቢ ነው። ሰውነት እልኸኛ ነው መሰለኝ። በጀርባዬ ተንጋለልኩና ሰማዩን እያየሁ እግሬን ዘረጋሁ። ፈራሁ፤ አልዋሽህም። ሁለተኛ ኤክስ የሚሸከም ልብ አልነበረኝም። ከዚያ አንገቴን ዘወር ሳደርግ አንተን አየሁ። ተነስተህ ቆመሃል! ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ የማያውቀው ወንድሜ፣ ሁለት ጃኬት ለብሶ፣ በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊትህ ወረቀት መስሏል። ባለጀልባው መቅዘፊያውን ሊያዞር ሲል «ተው!» ስትለው ሰማሁ። እጅህን ግን ወደኔ አልዘረጋህም። ሁለቱንም ከኋላህ አጣምረህ ጥርቅም አድርገህ ይዘሃቸዋል።

ያሰብኩት ይህን ነው። በሕይወቴ ማንም እንዲህ አክብሮኝ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይዘረጋ ነበር፤ እኔም እይዘው ነበር። ያንተን የታጠፈ እጅ ሳይ ባቴ ተፈታ። ቀሪውን እንዴት እንደዋኘሁት አላስታውስም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ወደ ጀልባ ቤቱ ተመለስኩ። ባለጀልባው ስሜን እንደ አዲስ ልጻፈው አለ፤ እምቢ አልኩት። የድሮው ቀይ ቀለም ከኤክሱ ሥር እንዳለ ነው። እጄን ሐይቁ ውስጥ ነክሬ በእርጥብ መዳፌ ጠረግኩት፤ ጠመኔ ስለሆነ ወዲያው ለቀቀ። ባለጀልባው ርቀቱንም ከላይ «1,526» ብሎ አርሞታል፣ ከሥሩም «በቀያሹ ተለካ» ብሎበታል። እኛ ቤት ሁለት ሰው ግድግዳ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ካርታህን መረመርኩት። የእንጨት መድረኩ ምሰሶ ስድስት ነው፤ አንተ አምስት ነው የሣልከው። ስለዚህ በጠመኔ ትንሽ ኤክስ አድርጌበት ከዚህ ጋር መልሼዋለሁ፤ አትቆጣ። አርመህ ላክልኝና ባለጀልባው መስታወት አሠርቶ ይሰቅለዋል። ሌላ አንድም እንከን አላገኘሁበትም፤ በመነጽር ነው የፈለግኩት።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ብጣሽ ወረቀት ታገኛለህ። «አልፏል፣ ተቆጣጣሪ ቁጥር 7» ይላሉ፤ ሃያ ስምንት ዓመት በሰው ሸሚዝ ኪስ ስከታቸው የኖርኩት ናቸው። አንዷን ስድስተኛውን ምሰሶ ስትሥል ካርታህ ጥግ ላይ ለጥፋት። ሌላዋ የኔ ናት፤ ግን ለራሴ ልሰጣት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያየኸው አንተ ነህና ፈርመህ ላክልኝ።

እህትህ